መግዛት ሌላ፥ መያዝም ሌላ

በሆሳዕና፥ በዱራሜ፥ በሾኔና በሺንሺቾ ገንዘብ ያገኘ ሰው አስቀድሞ ቤት ይሠራል፤ ከቤቱም በኋላ መኪና ይመኛል። ይህ ምኞት ነውር የለበትም። ሰው ከእግር ወደ በቅሎ፥ ከበቅሎም ወደ መኪና ቢሻገር ጊዜና ጉልበት ያተርፋል። ነውሩ የሚጀምረው ምኞቱ ከሥራ ወደ ታይታ ሲዞር ነው፤ ይኸውም ለሥራው የሚበቃ ትንሽ መኪና መግዛት የሚችል ሰው፥ በዚያው ገንዘብ አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት ያገለገለ መርሴዲስ ወይም ቢ.ኤም.ደብሊው ገዝቶ፥ በከተማው ፊት ባለጸጋ መስሎ ለመታየት ሲነሣ ነው።

ይህን አሳብ የሚደግፉ ሰዎች ሦስት ቃል አላቸው። አንደኛ፥ የጀርመን ብረት አይሰበርም ይላሉ። ሁለተኛ፥ ዋጋው ከትንሹ መኪና ያነሰ ነው ይላሉ። ሦስተኛ፥ እንዲህ ያለው መኪና ለባለቤቱ ክብር ይሰጠዋል ይላሉ። ሦስቱንም በየተራ መመርመር ይገባል።

የፊተኛው ቃል አንድ ጊዜ እውነት ነበረ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1976 እስከ 1985 ዓ.ም. የተሠራው፥ በባለሙያዎች ዘንድ ደብሊው 123 የሚባለው መርሴዲስ፥ በተለይም ናፍጣ የሚጠጣውና የእጅ ማርሽ ያለው፥ በብዙ የአፍሪካ አገሮች የታክሲ አገልጋይ ሆኖ ረጅም ዘመን ኖሯል። እንዲህ ያቆየው በአፍንጫው ላይ ያለው ኮከብ አልነበረም፤ አሠራሩ ግልጥ ስለ ነበረ መፍቻ የያዘ አስተዋይ መካኒክ ሁሉ ሊፈታውና መልሶ ሊገጥመው ይችል ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት የክብር መኪናዎች ኮከቡን ወረሱ፤ ያን ግልጥነት ግን አልወረሱም። መቀመጫቸውና መስኮታቸው በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ በአንዳንዶቹ በሞላ ፈንታ መኪናውን የሚሸከመው አየር የተሞላ ከረጢት ነው፤ ያ ከረጢት ጥቂት መተንፈስ ሲጀምር፥ አየር የሚነፋው ፖምፓ ዕረፍት አጥቶ ይቃጠላል። የውሃው ቱቦና ማያያዣው ከፕላስቲክ ስለ ሆነ በዘመን ብዛት ይሰነጠቃል። ከሁሉ ይልቅ ግን የባለቤቱን ኪስ የሚያራቁተው ካምቢዮው ነው።

አውቶማቲክ ካምቢዮ እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በእጅ ማርሽ መኪና የሞተሩን ኀይል የሚያቀብለውና የሚያቋርጠው ፍሪሲዮን ነው፤ ሲያልቅ ይለወጣል፥ ነገሩም በዚያው ይፈጸማል። በአውቶማቲኩ ግን ከሞተሩ የወጣውን ኀይል ተቀብሎ ወደ ማርሾቹ የሚያሻግረው ዘይት ነው። ይኸው ዘይት በጠባብ መተላለፊያ እየሮጠ ቀጫጭን ሳህኖችን እየጨመቀ ማርሽ ይለውጣል፤ ደግሞም ብረቱን ያለሰልሳል፥ ሙቀቱንም ይሸከማል። ስለዚህ ዘይቱ የካምቢዮው ደም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህ ዘይት ሲያረጅና ሲቃጠል ይጠቁራል፥ የመቃጠል ሽታም ያመጣል፤ ከሳህኖቹ የተፋቀው ደቃቅ ዱቄት መተላለፊያውን ይደፍነዋል። ያን ጊዜ መኪናው ማርሽ በለወጠ ቍጥር ይደነግጣል፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናው አይራመድም፤ በመጨረሻም ራሱን ለማዳን በአንድ ማርሽ ላይ ተቆልፎ ያዘግማል።

ይህ ዘይት ለመኪናው ዕድሜ ሁሉ የተሞላ ነው፥ አይለወጥም የሚሉ ሻጮች ብዙ ናቸው፤ አንዳንድ የመኪና ፋብሪካዎችም እንዲህ ብለዋል። ነገር ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1915 ዓ.ም. በፍሪድሪክስሃፈን ከተማ የተቋቋመውና ለብዙ ቢ.ኤም.ደብሊው መኪናዎች ካምቢዮ የሠራው ዜድ.ኤፍ. የተባለው የጀርመን ኩባንያ፥ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው መካከል፥ ቢዘገይም በ8 ዓመት፥ ዘይቱ እንዲለወጥ ይመክራል። ሠሪው ራሱ እንዲህ ሲመክር፥ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረው መኪና ግን አይለወጥም እየተባለ ይነዳል፤ የተቃጠለውን ዘይት የሚወርሰው በሆሳዕና ያለው አራተኛ ወይም አምስተኛ ባለቤት ነው።

መለወጡም ቢሆን እንደ ሞተር ዘይት ቀላል አይደለም። ከእነዚህ መኪናዎች በብዙዎቹ የካምቢዮ ዘይት መለኪያ ዘንግ የለም። ልኩ የሚታወቀው መኪናው ሳያዘነብል በእኩል ተነሥቶ፥ ሞተሩም እየሠራ፥ የዘይቱ ሙቀት በመሣሪያ ታይቶ ነው፤ ለዜድ.ኤፍ. ባለ 6 ማርሽ ካምቢዮ ይህ ሙቀት ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ነው። ዘይቱም እንደ ካምቢዮው ዓይነት ይለያያልና፥ ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ ነው ብሎ ከሱቅ የተገኘውን የሚጨምር ሰው መድኀኒት መስሎት መርዝ ያጠጣዋል። በአንዳንዶቹ ደግሞ የዘይቱ መያዣ ከመኪናው ሆድ በታች የተገጠመ ፕላስቲክ ነው፤ ይህም ለአስፋልት ታስቦ የተሠራ ስለ ሆነ፥ በጠጠር መንገድና ጎርፍ በቦረቦረው መተላለፊያ አንድ ድንጋይ ቢመታው ዘይቱ ሁሉ ይፈስሳል። እንግዲህ አይሰበርም የተባለው ብረት ከፕላስቲክና ከዘይት በታች ተንጠልጥሎ የሚኖር ነው።

ሁለተኛው ቃል ዋጋው ያነሰ ነው የሚል ነው። ያነሰበት ምክንያት ግን ይጠየቅ፤ ገበያ ለማንም ምጽዋት አይሰጥም። አሮጌ ኮሮላ ዋጋውን ይዞ ሲቆይ፥ በተሠራበት ጊዜ ከእርሱ ብዙ እጥፍ ያወጣ የነበረው የክብር መኪና ከእርሱ በታች የሚሸጠው፥ ሻጩ የሚመጣውን ወጪ አስቀድሞ ስላየ ነው። ገዢው በደላላው ፊት የቈጠረው ገንዘብ የመጀመሪያው ክፍያ ነው፤ የቀረውን ለጋራዡ ይከፍላል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ደግሞም ይህ መኪና ከትንሹ ቶዮታ ቢያንስም ለዕድሜው ውድ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186፥ ከ7 ዓመት በላይ ያገለገለና ትልቅ ሞተር ያለው መኪና ወደ አገር ሲገባ እስከ 500 በመቶ ታክስ እንዲከፈልበት አደረገ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ አስቀድመው የገቡት አሮጌዎች፥ በሌላ አገር ወደ ብረት ማቅለጫ በሚሄዱበት ዕድሜ፥ በዚህ አገር እንደ ቅርስ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር በተፈቀደ ጊዜ ደግሞ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው 1 ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር በላይ ሆነ። ለምሳሌ 2,000 ዶላር የሚያወጣ ካምቢዮ አለ እንበል፤ በፊት 114,000 ብር ይጠይቅ የነበረው ያ ዕቃ፥ ማመላለሻውና ቀረጡ ሳይቈጠር፥ ከ220,000 ብር በላይ ይጠይቃል ማለት ነው። የመምህሩ ደመወዝና የባለሱቁ ትርፍ ግን በዚያው ወራት በእጥፍ አላደገም።

ዕቃውም በአጠገብ ባልተገኘ ጊዜ፥ የክብር መኪናው በጭነት መኪና ጀርባ ላይ ተጭኖ በወራቤና በቡታጅራ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ በመርካቶ በሶማሌ ተራ ከፈራረሰ መኪና የወጣ ካምቢዮ ይፈለግለታል። ያ ካምቢዮ ስንት ዘመን እንደ ሠራና ዘይቱ መቼ እንደ ተለወጠ የሚመሰክር ወረቀት የለውም፤ አንዱን በሽታ አውጥቶ ሌላውን በሽታ ማስገባት ሊሆን ይችላል። በአንዳንዱም የካምቢዮው ኮምፒዩተር ከመኪናው ጋር በመሣሪያ ካልተስማማ አዲሱ አልሠራም ይላል። መኪናው በዚያ ወራቱን ሲቈጥር፥ ባለቤቱ በሆሳዕና በባጃጅ ይመላለሳል። «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» ማለት ይህ ነው።

ገንዘብ ከባሕር ማዶ የሚመጣለት ሰው ግን የብሩ መውደቅ አይነካኝም ይል ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሦስተኛው ቃል፥ ማለት የክብሩ ነገር፥ ይመጣል፤ ከሁሉ ይልቅ መመርመር የሚገባውም ይህ ነው። የሀዲያና የከምባታ ልጆች ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄድ ከጀመሩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗል። በኬንያና በታንዛኒያ፥ በማላዊና በሞዛምቢክ በኩል በሚያልፈው በዚያ መንገድ የተነሡት ሁሉ አይደርሱም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ፥ በቴቴ አውራጃ፥ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን መሆናቸውም ተነገረ። የደረሱትም ቢሆኑ በሰላም አልተቀመጡም፤ በ2000 እና በ2007 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በውጭ አገር ሰዎች ላይ ሁከት በተነሣ ጊዜ የስደተኞች ሱቅ ተዘረፈ፥ ተቃጠለም። በእንዲህ ያለ መንገድ አልፎ፥ በፍርግርግ ብረት ውስጥ ተቀምጦ ስኳርና ሳሙና በመሸጥ የተገኘ ገንዘብ፥ በአገር ቤት ለተቃጠለ ዘይትና ለተቀደደ የአየር ከረጢት ሲፈስ፥ ክብሩ በማን ላይ ያርፋል? መኪናውን የሚነዳው አባት ወይም ወንድም በእርሱ ላቡን አላፈሰሰም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉ አባቶች ነገሩን አስቀድመው አይተውታል።

ጉዳቱ በአንድ ቤት ብቻ ቢቀር ባልከፋም ነበር። ያ መኪና ግን ቆሞም ይሰብካል። በመንገድ ዳር የሚያልፍ የ17 ዓመት ልጅ ጥቁሩንና የሚያብረቀርቀውን ሰውነቱን ያያል፤ ካምቢዮው እንደ ተቆለፈ፥ ባለቤቱም ለጋራዥ እንደ ተበደረ አያይም። ስለዚህ ትምህርቱን ትቶ የደቡቡን መንገድ ይመኛል። የእንሰት ማሳውን ሸጠው ወይም አራጣ ተበድረው የሚሸኙት ወላጆችም ያዩት ያንኑ መኪና ነው። የከተማይቱ ስም የሚያስታውሰው በዓል ጌታ በአህያ ውርንጭላ ተቀምጦ የገባበት ቀን መሆኑን ካህናቱ ያውቃሉ፤ በዚያ ቀን የከበረው የተቀመጠው ነው እንጂ የተቀመጠበት አልነበረም። በሠርግና በለቅሶ ቤት በመኪና የመጣውን ከእግረኛው አስበልጠው የሚያስቀምጡ ሰዎች ይህን ቢያስቡ፥ የመኪናው ስብከት ግማሽ ኀይሉን ያጣ ነበር።

አንዳንዶች ጥፋቱን ሁሉ በከተማው መካኒክ ላይ ይጥላሉ። ይህ ግፍ ነው። መካኒኩ የተማረው የአይሱዙንና የኮሮላን ሥራ ነው፤ በዚያም ሥራው ሕዝቡን ያገለግላል። የመመርመሪያ መሣሪያና የፋብሪካ መጽሐፍ ሳይኖረው፥ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ካምቢዮ አምጥቶ በአንድ ቀን በትንሽ ዋጋ ጠግንልኝ የሚለው ባለመኪና ግን ያላስተማሩትን ይጠይቃል። መካኒኩም የማያውቀውን አላውቅም ማለት ይገባዋል፤ እንዲህ የሚል ባለሙያ ሊከበር እንጂ ሊናቅ አይገባውም። በሙያ ትምህርት ቤቶችም የአውቶማቲክ ካምቢዮ ሥራ በእጅና በመሣሪያ ቢሰጥ፥ ወደ መርካቶ የሚሄደው ገንዘብ በአገሩ ይቀራል።

እንግዲህ መግዛት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ይህን ያድርግ። መኪናው ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ ሲነሣ ይየው፤ ማርሽ ሲገባ የሚዘገይና የሚደነግጥ እንደ ሆነ ይተወው። ከዚያም እስኪሞቅ ድረስ ዳገትና ቍልቍለት ይንዳው፤ ብዙ የካምቢዮ በሽታ በሙቀት ጊዜ ይገለጣልና። ዘይቱ የተለወጠበትን ደረሰኝ ይጠይቅ፤ የሻጭ ቃል ደረሰኝ አይሆንም። በኮምፒዩተር ሲመረመር ስሕተት አልተገኘም ቢባልም፥ ስሕተቱ ከጥቂት ሰዓት በፊት ሊደመሰስ እንደሚችል ይወቅ። ዋጋውን ከከፈለ በኋላ ለአንድ ካምቢዮ የሚበቃ ገንዘብ በእጁ የማይተርፈው ከሆነ፥ መኪናው ከአቅሙ በላይ ነውና የእጅ ማርሽ ያለውን ትንሹን ይግዛ። አስቀድሞ የገዛ ሰው ደግሞ ለመኪናው ብቻ የሚሆን እቁብ ይግባ፥ ዘይቱንም በዘመኑ ይለውጥ፤ ይህን ማድረግ ካልቻለ መኪናው ገና በእግሩ ሲሄድ፥ ጉድለቱን ለገዢው ሳይሸሽግ ይሽጠው።

ከሁሉ በፊት ግን ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ ገንዘቡን የላከውን ልጅ ይጠይቀው። ለእኅቱ ትምህርት፥ ለእናቱ ሕክምና ወይም ለራሱ መመለሻ የሚሆን ሱቅ ይሻል እንደ ሆነ፥ ወይስ ሃያ ዓመት የሞላው ካምቢዮ ይሻል እንደ ሆነ እርሱ ይፍረድ። ፍርዱንም ሽማግሌዎች ቢያስፈጽሙት ለአገሩ ይበጃል።