የኤሊዋ ውሃ ለምን ይሸታል?

ልጅዎ ለልደቱ የቤት እንስሳ ጠየቀ። ውሻ እንዳይሆን አፓርትመንቱ አይፈቅድም፤ ድመት እንዳይሆን ባለቤትዎን ያስነጥሳቸዋል። ኤሊ ግን አትጮህም፣ ፀጉር አታራግፍም፣ ሶፋ አትቧጭርም። እሺ አሉ። ወር ሳይሞላ ሳሎኑ መሽተት ጀመረ። እንግዳ ሊመጣ ሲል ዕጣን ያጨሳሉ፣ ቡና ይቆላሉ፤ ጭሱ ሲበተን ሽታው ተመልሶ ይመጣል። በመጨረሻም አንድ ሰው «ለምን ወስደን ወንዝ ውስጥ አንለቃትም?» ይላል።

እባክዎ አይልቀቋት። ከጆሮዋ ሥር ቀይ መስመር ያላት፣ በአሜሪካ በብዙ ቤት የምትገኘው «ሬድ ኢርድ ስላይደር» አገሯ የሚሲሲፒ ወንዝ አካባቢ ነው። ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድም ሆነ ቨርጂኒያ ወንዝ ውስጥ ሲለቋት የአካባቢውን ኤሊዎች ምግብና የፀሐይ መሞቂያ ትሻማለች፤ በሽታም ልታጋባ ትችላለች። ደግሞም ጥፋቱ የእሷ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ማጣሪያው ላይ ነው።

ኤሊ ከዓሣ እጅግ የበለጠ ታቆሽሻለች። የምትበላው እዚያው ውሃ ውስጥ፣ የምትጸዳዳውም እዚያው ነው። ከኩሷና ከተራረፈው ምግብ አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያ ዓይኗንና ቆዳዋን ያቃጥላል። የማጣሪያው ትልቁ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በማጣሪያው ስፖንጅና በሴራሚክ ቁርጥራጮቹ ላይ ለዓይን የማይታዩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይራባሉ። አንዳንዶቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ ናይትራይቱን ጉዳቱ በጣም ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬቱን ደግሞ እርስዎ ውሃ ሲቀይሩ ያስወጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ ማጣሪያ ላይ በደንብ እስኪራቡ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውሃውን በመጠኑ ግን ቶሎ ቶሎ መቀየር ያስፈልጋል።

ማጣሪያ ሲገዙ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እንዳለ አይመኑት። የተለካው ለዓሣ ነው። ለኤሊ ቢያንስ የውሃዎን መጠን እጥፍ፣ ቢቻል ሦስት እጥፍ እንዲያጣራ የተሠራውን ይምረጡ። የውሃውን መጠን ለማወቅ የተለመደው ስሌት ለእያንዳንዱ የቅርፊቷ ኢንች 10 ጋሎን ነው። ቅርፊቷ 4 ኢንች ከሆነ 40 ጋሎን፣ ማለትም 150 ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልጋታል፤ ማጣሪያው ደግሞ ከ80 እስከ 120 ጋሎን የሚል ይሁን። ሴቷ ስታድግ ከ10 ኢንች ልታልፍ እንደምትችልም አይርሱ።

በዓይነት ደረጃ ሦስቱን ይወቁ። ውሃው ውስጥ የሚጠለቀው ርካሽ ነው፤ ለጫጩት ኤሊ ይበቃል፣ ነገር ግን ቶሎ ይደፈናል። ከገንዳው ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠለው ለማጽዳት ይቀላል፤ ሆኖም የኤሊ ገንዳ ብዙ ጊዜ እስከ አፉ ስለማይሞላ ውሃውን ከታች ስቦ ለማውጣት ይቸገራል። ከገንዳው በታች ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቀመጠው፣ በሁለት ቱቦ የሚሠራው ካኒስተር ዋጋው ከፍ ይላል፤ ግን ብዙ ስፖንጅና ሴራሚክ ስለሚይዝ ላደገች ኤሊ የሚበጀው እሱ ነው። አቅም ካለዎት ሁለቴ ከመግዛት አንዴ እሱን ይግዙ።

አሁን ወደ ጥገናው እንምጣ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችንን የሚያሳስተን ንጽሕና ወዳድነታችን ነው። እኔም ተሳስቻለሁ። አንድ ቅዳሜ ማጣሪያውን ፈታትቼ ስፖንጁን በሙቅ ውሃና በበረኪና አሸሁት፤ እንደ አዲስ ነጭ ሆነልኝ፣ ደስ አለኝ። በሳምንቱ ውሃው እንደ አጓት ደፈረሰ፣ የኤሊዋ ዓይኖች አብጠው ተከደኑ። የእንስሳት ሐኪሙ ዘንድ ስወስዳት መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ምግቧ ሳይሆን ስለ ውሃዋ ነበር። እድፍ ነው ብዬ ያጠብኩት ያ ቡናማ ልጋግ ውሃውን የሚያነጻልኝ ባክቴሪያ ኖሯል።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። መጀመሪያ ማጣሪያውንም የውሃ ማሞቂያውንም ከሶኬት ይንቀሉ። ከገንዳው በባልዲ ውሃ ይቅዱና ስፖንጁን እዚያው ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርገው ያለቅልቁት። ሳሙና አይንካው። የቧንቧ ውሃም አይንካው፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይገድላል። ስፖንጁና ሴራሚኩ ካረጁ ሁለቱን በአንድ ቀን አይቀይሩ፤ ዛሬ አንዱን፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሌላውን። የከሰሉን ከረጢት ግን በየወሩ ገደማ ይቀይሩት፤ ከጠገበ በኋላ ሽታ መምጠጡን ያቆማል። ካኒስተር ከሆነ የክዳኑን የጎማ ቀለበት አሸዋ እንዳይኖርበት ይጥረጉት፤ ወለል ላይ የሚፈስ ውሃ ብዙ ጊዜ መነሻው እሱ ነው። ማጣሪያውን መቼ እንደሚያጸዱ የሚነግርዎት የውሃው ግፊት ነው፤ ፍሰቱ ሲደክም ጊዜው ደርሷል።

ማጣሪያ ቢኖርም ውሃ መቀየር አይቀርም። በየሳምንቱ ሩቡን ያህል ይቀይሩ። አዲሱን ውሃ ከመጨመርዎ በፊት የክሎሪን ማስወገጃ ጠብታ ያድርጉበት። «ውሃውን አሳድሬው ክሎሪኑ ይተናል» የሚለው የቆየ ዘዴ ሁልጊዜ አይሠራም። ለምሳሌ የዋሽንግተን ዲሲ የቧንቧ ውሃ አብዛኛውን ዓመት የሚታከመው በክሎራሚን ነው፤ ክሎራሚን ደግሞ በማሳደር አይወጣም። በየዓመቱ በፋሲካችን ሰሞን ገደማ ለጥቂት ሳምንታት ወደ ክሎሪን ይቀየራል። ስለዚህ ሁለቱንም እንደሚያስወግድ የተጻፈበትን ጠብታ ይግዙ። ኤሊዋን በሌላ ሳፋ ውስጥ ቢመግቧት፣ ወይም የተረፋትን ምግብ ወዲያው ቢያወጡ፣ የማጣሪያው ሸክም በጣም ይቀላል።

መብራት ለብዙ ሰዓት ከጠፋ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። የተዘጋ ካኒስተር ውስጥ ያለው ባክቴሪያ አየር አጥቶ ይሞታል። መብራቱ ሲመለስ ዝም ብለው አያስነሱት፤ ውስጡ የቆመውን ውሃ ደፍተው፣ ስፖንጁን በገንዳው ውሃ አለቅልቀው ያስነሱ።

የመጨረሻው ለልጆቹ ነው። ኤሊ ጤነኛ መስላም ሳልሞኔላ ልትይዝ ትችላለች። የአሜሪካ መንግሥት ቅርፊታቸው ከ4 ኢንች ያነሰ ኤሊዎች ለቤት እንዳይሸጡ በ1975 እ.ኤ.አ. የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው። ማጣሪያም የትኛውም ቢሆን ይህን አያስቀርም። የማጣሪያውን ውሃ ዕቃ በሚታጠብበትና ምግብ በሚሠራበት ቦታ አይድፉት፤ ለኤሊዋ ብቻ የሚሆን ባልዲ ይኑርዎት። የነካት ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ቤትዎ ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃን፣ በዕድሜ የገፉ እናት ወይም አባት፣ ወይም በሕመም አቅሙ የደከመ ሰው ካለ ኤሊ ባይገባ ይመረጣል። ከገባች በኋላ ከሆነ የሰሙት፣ ወንዝ ሳይሆን ኤሊዎችን የሚቀበል የእንስሳት ማቆያ ይፈልጉላት።

ካቆዩዋት ግን ጉዞው ረጅም ነው። በደንብ የተያዘች ኤሊ ከ20 ዓመት በላይ ትኖራለች፤ ልጅዎ ኮሌጅ ጨርሶ ሥራ ሲይዝም እዚያው ልትሆን ትችላለች። ዛሬ ማታ ወደ ገንዳው ጠጋ ብለው የማጣሪያውን ድምፅ ያዳምጡ፣ ፍሰቱንም በእጅዎ ይሞክሩት። ደክሞ ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት ባልዲውን ለልጅዎ አስይዙትና አብረው ያጽዱት። እጁን ሲታጠብ ደግሞ አጠገቡ ይቁሙ።

በሚቀጥለው ወር በሰላም ያገናኘን።