«ምን አድርጎ ነው የታሰረው?»

ጁባ ውስጥ ከእስር ለወጣ ሐበሻ ሥራ ልጠይቅለት ስሄድ የሚቀድመኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። ኩስተም ገበያ አጠገብ ያለ ምግብ ቤት ይሁን ጉዴሌ ያለ የውኃ ቦቴ ማቆሚያ፣ «ምን አድርጎ ነው የታሰረው?» ይሉኛል። ይህን ጥያቄ ለረጅም ጊዜ እንደ ክፋት እቆጥረው ነበር። ተፈርዶበት ጨርሷል፣ ሌላ ምን ይጠየቃል እል ነበር። ተሳስቻለሁ።

ሦስት ሆነን የምንሠራው ነገር ትንሽ ነው። አንዱ ወንድማችን ቦቴ ይነዳል፣ አንዷ እህታችን ሻይ ቤት አላት፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ሲጠሩኝም አስተረጉማለሁ። ጁባ ማዕከላዊ እስር ቤት ላሉ ልጆቻችን ስንቅ እናመላልሳለን። አገር ቤት ቢሆን ሳህኑን ቋጥራ በር ላይ የምትቆመው እናት ወይም ሚስት ነበረች፤ እዚህ የለችም። ሲወጡ ደግሞ ለአንድ ወር ማደሪያ፣ ስልክ፣ የጠፋውን የመኖሪያ ፈቃድ ለማውጣት አብሮ የሚሰለፍ ሰው እናዘጋጃለን። ያለን አንድ ክፍል፣ ሁለት ፍራሽና አንድ ደብተር ነው።

ከምናገኛቸው ብዙዎቹ በገንዘብ ጣጣ የገቡ ናቸው። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ሪፖርት፣ በደቡብ ሱዳን ዕዳ ወይም ካሳ መክፈል ስላቃታቸው የሚታሰሩ ሰዎች እንዳሉ ጽፎ ነበር። ለእነዚህ መልሱ አይከብደኝም። የሚከብደኝ ሰው የጎዳው ነው፤ በተለይ ሴት ወይም ልጅ የጎዳው።

አንድ ሰው ነበር። አብራው የምትኖር ሴት በቢላዋ ወግቶ ታስሮ ወጣ። የማውቃት ምግብ ቤት ያላት ልጅ ሠራተኛ ፈልጋ ነበርና ወሰድኩት። ያችን ጥያቄ ስትጠይቀኝ «የዕዳ ነገር ነው» አልኳት። አስተናጋጆቿ ከምግብ ቤቱ ጀርባ እዚያው ግቢ ውስጥ እንደሚያድሩ አውቅ ነበር፤ ግን አላሰብኩበትም። እሱን ሥራ ማስያዝ ብቻ ነበር የታየኝ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሾፌር እውነቱን ቡና ላይ አወራው። እሱን በዚያው ሌሊት ከነፌስታሉ አስወጡት። እሷ በማግስቱ እኔ ዘንድ መጣች። «ጋሼ፣ እርስዎ ለእሱ አዘኑ፤ ለእነዚህ ልጆች ማን ይዘንላቸው?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። እሱ ወደ ኒሙሌ በሚሄድ መኪና ተሳፍሮ ሄደ። ዛሬ የት እንዳለ፣ ከማን ጋር እንደሚኖር ከእኛ መካከል የሚያውቅ የለም። አጠገቡ ያለችው ሴትም ምናልባት አታውቅም። በኔ ውሸት የተጠቀመ ሰው አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጥፋተኞች መዝገብ ብዙ አስባለሁ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 የወሲብ ጥቃት ፈጻሚዎች እንዲመዘገቡ ሕግ ወጣ፤ በ1996 ደግሞ መረጃው ለሕዝብ እንዲገለጥ ተደረገ። የመጀመሪያው ሕግ የተሰየመው በ1989 ሚኔሶታ ውስጥ በተጠለፈው ሕፃን በጄኮብ ዌተርሊንግ ስም ነው። ለሕጉ የታገለችው እናቱ ፓቲ ግን ቆይታ፣ መዝገቡ ከልክ በላይ ሰፍቷል፣ ሰውን መመለሻ አሳጥቷል ብላ ተከራከረች። ልጇን ያጣች እናት እንዲህ ስትል ቆም ብሎ መስማት ይገባል።

እኛ ሐበሾች ጁባ ላይ የምንይዘው መዝገብ ወሬ ነው። ወሬ ደግሞ ሚስት የወጋውንና ዕዳ ያለበትን አይለይም፤ ለሚያስፈልገው ሰው ዘግይቶ፣ ለማያስፈልገው ቀድሞ ይደርሳል። ጨርሶም አይሰረዝም።

የአገራችን ሕግ ከእኛ ይሻላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ «መሰየም» የሚባል ነገር አለው። ቅጣቱን የጨረሰ፣ ጽኑ እስራት ከሆነ ቢያንስ 5 ዓመት፣ ከዚያ ለቀለለው 2 ዓመት በመልካም ጠባይ የቆየ፣ ካሳውንም አቅሙ በፈቀደ የከፈለ ሰው ፍርድ ቤት አመልክቶ ፍርዱን ማሰረዝ ይችላል። ከዚያ በኋላ በክፋት ጥፋቱን እያነሳ የሚያዋርደው ሰው ራሱ ተጠያቂ ይሆናል፤ «እውነት ነው እኮ» ማለት አያድነውም። ይህ ሕግ ጁባ ድረስ አይመጣም። ነገር ግን ሰው ጥፋቱን የሚሸከምበት ዘመን ማብቂያ ሊኖረው እንደሚገባ አምኗል።

የአስተናጋጆቹስ ነገር? ጥፋት ማብቂያ ይኑረው ካልን፣ አጠገቡ የሚያድሩት እንዴት ይወቁ? እዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የወንጀል ሕግ፣ ሰው ገድሎ የተፈረደበት ሰው የሟች ቤተሰብ የደም ካሳ ከመረጠ፣ ፍርድ ቤቱ በሞት ፋንታ ካሳውን ከ10 ዓመት ከማይበልጥ እስራት ጋር እንዲወስን ይፈቅዳል። ለካሳ የሚሰጠው ከብት የሚነዳው በአደባባይ ነው፤ ጥፋቱን የማያውቅ የለም፣ የተስማሙበትንም የማያውቅ የለም። የእኛም አገር የደም ማድረቅ እርቅ እንደዚያው ነው። እዚህ ላይ ግን ልቤ ይከፈላል። ሴት ስትደፈር ወይም ስትደበደብ፣ ሽማግሌ ፊት የሚነገረው ብዙ ጊዜ የአባቷና የወንድሞቿ ጉዳይ ነው፤ እሷን ምን ትፈልጊያለሽ የሚላት ጥቂት ነው። እንዲህ ያለውን እርቅ ወደ ክፍላችን ማምጣት አልፈልግም።

የተማርኩት ከሌላ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በካናዳ ሐሚልተን ከተማ ሕፃናትን የደፈረ ሰው ከእስር ሲወጣ ከተማው ተሸበረ። ሃሪ ናይ የተባሉ የሜኖናይት ፓስተር ከምእመኖቻቸው ጥቂቶቹን ይዘው ሰውየውን ከበቡት፤ የሠራውን እያወቁ አብረውት በሉ፣ የት እንደዋለ ጠየቁት፣ ፊት ለፊት ተቆጡት። ከዚያ የተነሳው ሥራ ወደ ሌሎች አገሮችም ተስፋፍቷል።

አሁን እኛ ዘንድ ፍራሽ የሚያገኝ ሰው አንድ ነገር ይቀበላል። ለሚቀጥረውና ለሚያከራየው ሰው የታሰረበትን ምክንያት እኛ ባለንበት ራሱ ይናገራል። ለሌላ ለማንም አንናገርም። ልጆች ያሉበት ግቢ ማደር የማይገባው ከሆነ ያንንም ደብተሩ ላይ ይፈርማል። ሦስት ሰዎች እንቢ ብለው ሄደዋል፤ እውነቱን ለመናገር ሲሄዱ ማየት ከባድ ነው።

ባለፈው ክረምት አንዱን ይዤ ያችው ምግብ ቤት ተመለስኩ። በሩ ላይ ቆሞ ላብ አጠመቀው። «ሴት መትቻለሁ፤ እጇን ሰብሬያለሁ» አላት። ዝም ብላ ቆየች። ቡና ተፈልቶ፣ አቦሉ ወርዶ፣ ሁለተኛው እስኪቀዳ አልተናገረችም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ወጥ ቤት አይገባም። ጄኔሬተሩንና የውኃውን ታንከር ይያዝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ከግቢው ይወጣል። አስተናጋጆቹ ልጆችም ዛሬውኑ ይነገራቸዋል። እርስዎ ደግሞ እሁድ እሁድ እየመጡ ልጆቹን ብቻቸውን ይጠይቁልኛል።»

እሁድ እሁድ እሄዳለሁ። መጀመሪያ የማናግረው ልጆቹን ነው፣ ቀጥሎ እሱን።