አደጋው የሚጀምረው ሱቅ ውስጥ ነው

ባህር ዛፍ የሚቆርጥ የቀን ሠራተኛ በሞተር መጋዝ ሲጎዳ ፍርዱ ወዲያው ይሰጣል፦ «ጥንቃቄ ጎድሎት ነው!» ሰንሰለቱን ማን ገዛው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የገዛው አሠሪው ነው፤ የመረጠውም በዋጋው ብቻ።

ሰንሰለት «ይገጥማል» ስለተባለ ብቻ አይገዛም። ውፍረቱ 1.3 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው 1.5 ከሆነ መጋዙ ላይ ከነጭራሹ አይገባም፤ በተቃራኒው ከሆነ ደግሞ እየዋለለ ይወልቃል። የጥርሱም ዓይነት ይለያያል። ማዕዘኑ ሹል የሆነው ንጹሕ እንጨት ላይ ይፈጥናል፤ አፈር የነካው ግንድ ላይ ግን ቶሎ ይደንዛል። ለእንዲህ ያለው ግንድ ማዕዘኑ ክብ ያለው ይሻላል፤ ፍጥነቱ ትንሽ ቢቀንስም ስለቱ ይቆያል። የመጋዙ ጫፍ በላይኛው በኩል እንጨት ሲነካ መጋዙ ወደ ሠራተኛው ፊት ይዘላል። ይህን ዝላይ እንዲቀንስ ተብሎ የተሠራ ሰንሰለትም አለ።

«ፈጣኑ ቀን ይቆጥባል» የሚሉ አሠሪዎች አሉ። የደነዘ ሰንሰለት ግን ፍቅፋቂ ሳይሆን ዱቄት ነው የሚያወጣው። ቤንዚን ይበላል፤ ሠራተኛው እየተጫነ ይገፋል፤ ክንዱ ይዝላል። «ቶሎ ይቁረጥ» ተብሎ ከጥርሱ ፊት ያለው የጥልቀት መቆጣጠሪያ ከልክ በላይ ሲሞረድ ደግሞ ዝላዩ ይብሳል። ታዲያ የተቆጠበው ምኑ ነው?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ላይ ደህንነትን የመጠበቅ ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። ለሰንሰለት ጥቂት ብር የሰሰተ ሰው ስለ ጥንቃቄ ሌላውን ከመምከሩ በፊት ራሱ ይጠንቀቅ።