ማሽኑን ሸጦ ዝም ማለት ይብቃን

ከዱባይ በጅቡቲ አስገብተን ድሬዳዋ የምንሸጠው አውቶማቲክ የቡና ማሽን ዓመት ሳይሞላው ሲቆም “ደንበኛው አያያዝ አያውቅም” እንላለን። ማን ነገረው? የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያውን እንኳ ነጭ ቅርፊት ያለብሰዋል፤ ቀጭኑ የማሽን ቱቦማ እንዴት ይቻለው! ቅርፊቱን የሚያሟሟውን መድኃኒት አብረን ካላቀረብን፣ “እትዬ፣ የማጽጃው መብራት ሲበራ ነገ አይበሉ” ካላልን፣ የሸጥነው ቁርጥራጭ ብረት ነው። ቡናውን የሚጨምቀው ክፍል የሚነቀል ከሆነ በሳምንት አንዴ ያለ ሳሙና፣ በውሃ ብቻ እንደሚታጠብ መንገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። (ጀበና ይህ ሁሉ ጣጣ የለባትም፤ ግን ጠዋት ለሥራ የሚሮጥ ሰው ምን ያድርግ?) ከአሜሪካ የመጣውን የ120 ቮልት ማሽን ግን ለ220 ቮልት ቤት “ያለ ትራንስፎርመር ይሠራል” ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ አላወቀም አይባልም፤ አታልሏል።