ለምሳ አርባ ምንጭ

«ሌሊት 10 ሰዓት ወጥተን ለምሳ አርባ ምንጭ ገባን።» ሰሞኑን እንዲህ ያለኝ የልብ ወዳጄ ነው። ሚስቱን፣ ልጆቹንና እናቱን ጭኖ፣ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ። ስንት ሊትር ነዳጅ እንደፈጀ ነገረኝ፤ የት ላይ ስንት መኪና ቀድሞ እንዳለፈ ነገረኝ። መንገድ ላይ ምን እንዳዩ ስጠይቀው ግን «ኧረ ልጆቹ ተኝተው ነበር» ብሎ አለፈው። ተናድጄ ነው የተለየሁት፤ ንዴቴም እስካሁን አልበረደልኝም።

ይህን ዓምድ የምትከታተሉ ከሌሊት ጉዞ ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ ስለምታውቁ አላረዝመውም። «ሌሊት መንገዱ ጭር ይላል» ለሚሉኝ ሁሉ መልሴ ያው ነው፤ ጭር አይልም። መብራት የሌለው የአህያ ጋሪ፣ ተበላሽቶ አስፋልት ላይ የቆመና ከኋላው ድንጋይ ብቻ የተደረደረለት የጭነት መኪና፣ ባለቤት ያልሰበሰበው ከብት፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ሾፌር፣ ሁሉም እዚያው ጨለማ ውስጥ ናቸው። በዚያ መሀል ቤተሰብ ጭኖ መሽቀዳደም ጀግንነት አይደለም።

ዛሬ ያናደደኝ ግን ከዚህ ያልፋል። ቤት ውስጥ አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ለትምህርት ሲሮጥ ማታም እንኳ አብሮ ማዕድ የማይቀርብ ቤተሰብ፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ አንድ ላይ የሚውለው በረጅም ጉዞ የመጀመሪያ ቀን ነው። በሁለተኛው ቀን ድካም አለ፤ በሦስተኛው ኩርፊያ ይጀመራል። የመጀመሪያው ቀን ግን ሁሉም ልቡ ክፍት ነው። ይህን ቀን በእንቅልፍና በፍጥነት ማባከን ያሳዝነኛል።

እኛም ጥር ላይ ወደዚያው ወርደን ነበር፣ ሐዋሳ አድረን። የተነሳነው ቁርስ ተበልቶ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው። እናቴ መኪናውን ጎማው ሳይቀር ጠበል ረጨችው። ጎረቤቶች እስከ በር ወጥተው «በሰላም ያግባችሁ፣ በሰላም ይመልሳችሁ» አሉን። ድፎ ዳቦው በኮባው እንዳለ፣ ጭኮው በጣሳ፣ ዳቦ ቆሎው በፌስታል ተጭኗል። ስንቅ ምን ያደርጋል፣ ሆቴል ሞልቶ የለም ወይ የሚሉ አሉ። የአያቱን ጭኮ በጣቱ እየዛቀ የሄደ ልጅ ይመልስላቸው።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ዝዋይ ሐይቅ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ይህን ቁልቁለት ማንም ሳይነግረው ሰውነት ያውቀዋል። ደብረ ዘይት ላይ ጋቢ ይወርዳል፣ ሞጆ ላይ ሹራብ ይወልቃል፣ ዓለም ጤና ስትደርሱ የመኪናው መስኮት ሁሉ ተከፍቷል። ከሞጆ ወዲያ በፍጥነት መንገዱ ሳይሆን በአሮጌው እንሂድ ብዬ ለምኜ ነበር፤ የሚነዳው የእህቴ ባል እሺ አለኝ። እንደልብ የሚቆመውም በአሮጌው ነው። ትንሹ ልጅ የቆቃን ሐይቅ ሲያይ «ባሕር ነው?» አለ፤ አባቱም አዋሽ ተገድቦ የተፈጠረ ሐይቅ መሆኑን፣ ግድቡም በ1952 ዓ.ም. እንደተጠናቀቀ አስረዳው። ልጁ የወንዙ ውሃ የት እንደሄደ፣ ከውሃው በታች ምን እንዳለ ሲጠይቅ መቂ ደረስን።

ለምሳ ባቱ ላይ ቆምን። የዓሣ ጥብስ አዘን እጃችንን ስንታጠብ የእህቴ ባል ወደ እናቴ ዞሮ «እማማ፣ ውሃ አይጠጡም እንዴ? ሙቀቱ እኮ ከባድ ነው» አላት። ጠዋት የሰጠናት የፕላስቲክ ውሃ ጭኗ ላይ ነው፤ ክዳኑ ከነማኅተሙ።

«ኧረ ጠግቤያለሁ፣ ልጄ።»

አልጠገበችም። እህቴ ወደ ጎን ወስዳ ነገረችኝ፤ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ጠብታ አልቀመሰችም። የደም ግፊት ኪኒኗን እንኳ የዋጠችው ምራቋን ተጎንጭታ ነው። መንገድ ስትሄድ ሁሌም እንዲህ ነው አለችኝ፤ «ሴት ልጅ መንገድ ላይ የት ትወርዳለች?» ትላለች።

አጠገባችን ያለው ገበታ ላይ የነበረች ሴት ሰምታ ኖሮ «እኔም እንደሳቸው ነኝ» አለች። የገዛ እህቴም እንደዚያው እንደምታደርግ ያኔ ነገረችኝ። ወንዱ መኪናውን ያቆማል፣ ጀርባውን ለአስፋልቱ ይሰጣል፣ ጨረሰ። ሴቷ ከለላ ትፈልጋለች፤ ዛፉ ተመንጥሯል፣ ሜዳው ገላጣ ነው፣ የሚያልፈው መኪና ብዙ ነው። ስለዚህ የሰባ ዓመት ሴት በቆላ ፀሐይ ውሃ ተጠምታ ትውላለች። እዚያው መንገድ ላይ አንድ ነዳጅ ማደያ ገብተን ነበር። ታንካችንን ሞላን፤ መጸዳጃ ቤቱ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው፣ ዘበኛው ደግሞ የለም። ሌላው ዘንድ በሩ መቀርቀሪያ የለውም፣ ውሃም የለውም። ነዳጅ ሸጦ ለተጓዥ አንድ ንጹሕ በር መክፈት ያቃተው ነጋዴ፣ ፈቃዱ ሲታደስ ይህን የሚጠይቀው ሹም መኖር አለበት። ጣሪያው ላይ በቀለም መብራት ያንቆጠቆጠ ሁሉ ለአንድ በርሜል ውሃና ለአንዲት ጽዳት ሠራተኛ ገንዘብ የለኝም ሊል አይችልም።

ይቻላልና። የባቱዋ ዓሣ ቤት ባለቤት ቁልፉን ይዛ ራሷ መጣች፣ ጆግ ሙሉ ውሃና ሳሙና አቀረበች። ቦታው የታጠበ ነበር። እናቴ መርቃት ተመለሰችና የፕላስቲኩን ክዳን ፈትታ ሳታቋርጥ አጋመሰችው። ከዚያ ሻይ አዘዘች።

ወሬዋ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ቡልቡላን አልፈን፣ በስተግራ ላንጋኖ ቡናማ ሆኖ ሲታየን፣ አርሲ ነገሌ ልንገባ ስንል «እዚህ ጋ ቀስ በል እስቲ» አለች። በ1967 ዓ.ም. የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለች በዕድገት በኅብረት ዘመቻ የተመደበችው እዚያ አካባቢ ገጠር ነው። በካኪ ልብስ የተነሳችው ፎቶ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ስላለ መዝመቷን እናውቃለን፤ ምን እንዳየች ግን ነግራን አታውቅም። የየካቲት 25ቱ የመሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ የገበሬ ማኅበር ሲመዘገብ ጸሐፊዋ እሷ ነበረች። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት በራሷ ስም ተመዝግባ የጣት አሻራዋን ካሳረፈች በኋላ አልሄድም አለች፤ ስሜን አንብቢልኝ፣ ደግመሽ አንብቢልኝ እያለች። ማታም እናቴን እቤቷ ወስዳ ወተት አጠጣቻት፤ በኦሮምኛ መቁጠር ያስተማረቻትም ይህችው ሴት ናት።

«ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን...» እናቴ ጀመረች፤ ልጆቹ ተቀበሏት። ሻሸመኔ እስክንገባ ያለፍነው ግራር ሁሉ በኦሮምኛ ተቆጠረ። የእህቴ ባል ፍጥነቱን ቀንሶ ከልጆቹ ጋር ይቆጥር ነበር።

በማግስቱ ከሐዋሳ ከመነሳታችን በፊት እናቴ ሻይዋን ሁለቴ አስቀድታ ጠጣች። የእህቴ ባል አላባ ቁሊቶ ላለ ጓደኛው ደውሎ የት ብንቆም እንደሚሻል አስቀድሞ ጠየቀ።