የእንጀራ ዳኛው ማን ነው?

«እውነተኛ እንጀራ የት ይገኛል?» የሚለው ጥያቄ በካርቱም ለኖረ ኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። አንዱ ጀሪፍን ይጠቁማል፤ ሌላው ከዴም የሚስተካከል የለም ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ በከተማው የሚጋገረውን ሁሉ «የማሽላ ቂጣ» ብሎ በአንድ ቃል ይሽረዋል። ክርክሩ ላይ ላዩን የሆድ ጉዳይ ይመስላል። ከሥሩ ያለው ጥያቄ ግን የዳኝነት ነው። አንድን የባህል ምግብ «ይህ እውነተኛ ነው፤ ያኛው አስመሳይ ነው» ብሎ ለመፍረድ ሥልጣን ያለው ማን ነው? ከአዲስ አበባ ትናንት የመጣው መንገደኛ ነውን? ማኅተም የያዘው መሥሪያ ቤት ነውን? ወይስ በእሳቱ ፊት የምትጋግረው ሴት?

«ጤፍ ያልሆነ እንጀራ፣ እንጀራ አይደለም» የሚሉት ወገኖች ጨርሶ መከራከሪያ አጥተው አይደለም። ጤፍ የተላመደው በኢትዮጵያ ምድር ነው። የጤፍ እንጀራ ልስላሴም በሌላ እህል በቀላሉ አይገኝም፤ የማሽላው ሲያድር ይደርቃል፣ ይፈረፈራል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ከዚህ ተነሥቶ ማሽላውን ከእንጀራነት መሻር ግን ሌላ ነገር ነው። የራያና የቆቦ፣ የሐረርጌ ቆላና የመተማ ገበሬ ማሽላውን አብኩቶ ሲበላ ኖሯል፤ የሰሜን ሸዋ ደገኛም ገብሱን ጋግሮ ልጆቹን አሳድጓል። እነዚህን ሁሉ «እንጀራችሁ የውሸት ነው» የሚል ሰው፣ ለእንጀራ የተቆረቆረ እየመሰለው የገዛ አገሩን ገበሬ ከመሶቡ ያስነሣል። እንጀራን እንጀራ የሚያሰኘው ከእህሉ ባልተናነሰ እርሾው፣ አብሲቱ፣ የቡኮው ቀንና የምጣዱ ግለት ነው።

ይህን ለመረዳት ከጀሪፍና ከዴም ይልቅ ማዮ የተሻለች አስተማሪ ናት። ማዮ በካርቱም ደቡባዊ ዳርቻ የምትገኝ ሰፈር ስትሆን፣ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ከደቡብ ሱዳን፣ ከኑባ ተራሮችና ከዳርፉር በጦርነትና በረኀብ የተፈናቀሉ ሰዎች ሰፍረውባታል። ከየአገሩ የመጣው ሕዝብ የየራሱን ማዕድ ይዞ መጥቷል። ከምግቦቹ መካከል ኪስራ አንዱ ነው፤ የማሽላ ሊጥ በእርሾ ቦክቶ በጋለ ምጣድ ላይ እንደ ወረቀት ሳስቶ ይጋገራል። አንዳንድ ኢትዮጵያዊ ኪስራን ያልተሳካ እንጀራ አድርጎ ያየዋል። ይህ ግን ትዕቢት እንጂ ዕውቀት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በምሥራቅ ሱዳን ከካሰላ አካባቢ በተገኙ የሸክላ ስብርባሪዎች ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3000 ዓመት አስቀድሞ የነበረ ለማዳ ማሽላ አሻራ አለ። እንግዲህ በሱዳን ምድር እንግዳው ጤፍ ነው፤ ማሽላ ባለቤት ነው።

የኪስራን ልክ የሚያውቀውስ ማን ነው? ሱዳናዊው ሊቅ ሐሚድ ዲራር የአገሩን የቦኩ ምግቦችና መጠጦች የመዘገበበትን ትልቅ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያሳትም፣ ዕውቀቱን በአመዛኙ የሰበሰበው ከገጠር አሮጊቶች ነበር። ፕሮፌሰሩ ከምጣዱ ባለቤት ፊት ተማሪ ሆኖ ተቀምጧል። ይህ የትሕትና ወግ ብቻ አይደለም፤ ትክክለኛው የምርመራ መንገድ ይኸው ነው።

ማኅተም ይህን ሥራ ሊተካ ሲሞክር ምን እንደሚደርስ ከሩቅም ከቅርብም ታይቷል። የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 በውጭ አገር ያሉ የጃፓን ምግብ ቤቶችን እየመረመረ ለ«እውነተኞቹ» ምስክር ወረቀት ለመስጠት ባሰበ ጊዜ፣ ዕቅዱ «የሱሺ ፖሊስ» ተብሎ ተዘበተበት። መዘበቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። የሱሺ ጥንታዊ መልክ በሩዝ ውስጥ ተቀብሮ የቦካ ዓሣ ነው፤ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው በእጅ የሚጨበጠው ሱሺ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኤዶ ጎዳና የሚሸጥ የችኩል ሰው ምግብ ነበር፤ ጥሬ ሳልመን በሱሺ ላይ የተለመደውም ኖርዌይ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ዓሣዋን ለጃፓን ገበያ ካስተዋወቀች በኋላ ነው። ታዲያ ማኅተሙ ከእነዚህ የትኛውን ሊያጸድቅ ነበር?

የጤፍ ታሪክ ደግሞ የባሰ ነው። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ያቀረበውን የፓተንት ጥያቄ የአውሮፓ የፓተንት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 አጽድቆለት ነበር። በኔዘርላንድ ያለውን መብት የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወረቀቱ እናቶች ለዘመናት ያወቁትን ሥራ የሌላ ሰው ፈጠራ አድርጎ ሲመሰክር ኖረ።

ከአዲስ አበባ መምጣትም ቢሆን የዳኝነት ሹመት አይሆንም። በራሷ በአዲስ አበባ ጀሶና ሰጋቱራ የተቀላቀለበት እንጀራ መያዙ በ2010ዎቹ በዜና ተሰምቷል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። ማሽላ ጋግሮ «ንጹሕ ጤፍ ነው» ብሎ መሸጥ ማታለል ነው፤ ማታለልም ይወገዛል። ማሽላ ጋግሮ «የማሽላ እንጀራ ነው» ማለት ግን ከማንኛውም ነቀፋ ነፃ የሆነ ሙያ ነው። የሐቀኝነት ጥያቄ የእህል ምርጫ ጥያቄ ተደርጎ ሲቀርብ፣ ሐቀኛዋ ጋጋሪ ከአጭበርባሪው ጋር አንድ ላይ ትኰነናለች።

ኩነኔው ደግሞ የሚያርፈው በድኻ ላይ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከከለከለ በኋላ፣ በካርቱም የምትጋግር ሴት ጤፍ ብቻ እንድትጋግር መጠየቅ፣ ወይ ዋጋው የማይቀመሰውን እንድትገዛ፣ ወይ በድብቅ የገባውን እንድትፈልግ መጠየቅ ነበር። የገዳሪፍ ማሽላ በደጇ እያለ! በላተኛው የናፍቆቱን ዕዳ በእርሷ ምጣድ ላይ ጻፈው።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 የፈነዳው ጦርነት ይህን ክርክር ሌላ ክብደት ሰጥቶታል። በዚያው ዓመት መስከረም 10 ቀን በማዮ የቆሮ ገበያ በአየር ተደብድቦ ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከካርቱም ብዙ ኢትዮጵያውያን በመተማ በኩል ወጡ፤ ሱዳናውያንም በየአቅጣጫው ተበተኑ። የሱዳን ጦር ከተማይቱን በመጋቢት 2025 መልሶ ቢይዝም፣ የተበተነ እጅ እንደ ሕንፃ በአዋጅ አይመለስም። የየቤቱን ሊጥ ጠባይ፣ የየእህሉን የመብሰያ ሰዓት የሚያውቁት እነዚያ እጆች ናቸው። ዛሬ በካይሮም ሆነ በጎንደር ምጣዳቸውን እንደገና ሲጥዱ፣ «ይህማ እውነተኛው አይደለም» የሚል ፈራጅ ቀድሞ ከጠበቃቸው፣ ጦርነቱ ያስተረፈውን ዕውቀት ንቀት ይጨርሰዋል።

«የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ይላል አበው። እውነተኛ እንጀራን ወይም ኪስራን የሚሻ ሰው ዝናን ከመከተል ይልቅ ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይበቃዋል፤ እህሉ ምንድን ነው? ስንት ቀን ቦካ? ማን ጋገረው? እነዚህን ሳትሸሽግ የምትመልስለትን ሴት ይመናት፤ ምስክሩም ዳኛውም እርሷው ናት።