መቆም የማይችል መምህር

የብዙኃን መገናኛና የክፍል ውስጥ ተግባቦት ልዩነት ብዙውን ጊዜ በተቀባዮች ብዛት ይገለጻል፤ አንዱ ለሚሊዮኖች፣ ሌላው ለሃምሳና ለስድሳ ተማሪዎች ይናገራል። ይህ ትክክል ቢሆንም ዋናውን ነገር አይነካም። በእኔ አስተያየት መሠረታዊው ልዩነት የግብረ መልስ ፍጥነት ነው።

ግብረ መልስ የሚለው ጽንሰ ሐሳብ በሳይንሱ ዓለም ጎልቶ የወጣው አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ኖርበርት ዊነር እ.ኤ.አ. በ1948 ስለ ሳይበርኔቲክስ ባሳተመው መጽሐፍ ነው። የአንድ ሥርዓት ውጤት ተመልሶ ሥርዓቱን ሲያርመው ማለት ነው። በማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ሞተሩን የሚያስነሣውና የሚያጠፋው በዚሁ መንገድ ነው። መምህርም የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ ሲያብራራ ተማሪዎቹ ግንባራቸውን ሲቋጥሩ ካየ፣ ጠመኔውን አንሥቶ በሌላ ምሳሌ እንደገና ይጀምራል። የሬዲዮ አዘጋጅ ግን የአድማጩን ፊት አያይም፤ አስተያየቱ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ዝግጅቱ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህም ጥሩ አዘጋጅ ያልገባው አድማጭ እንደሚኖር አስቀድሞ በመገመት ቃላቱን ያቀልላል፣ ፍሬ ነገሩን ይደጋግማል። ይህ ራሱን የቻለ ሙያ እንጂ የሚናቅ አይደለም።

ችግሩ የሚመጣው አንዱ የሌላውን ቦታ ሲወስድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረውንና በተለምዶ «ፕላዝማ» የምንለውን የሳተላይት ትምህርት እንውሰድ። ዓላማው የሚያስመሰግን ነበር፤ ቤተ ሙከራ ለሌለው የገጠር ተማሪ የኬሚስትሪን ሙከራ በዓይኑ እንዲያይ ዕድል ሰጥቷል። ይሁን እንጂ በቴሌቪዥኑ መስኮት በእንግሊዝኛ የሚያስተምረው መምህር ይጠይቃል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። ስርጭቱ ለመላ አገሪቱ በአንድ ጊዜ ይተላለፍ ስለነበር፣ ክፍል ውስጥ የቆመው መምህር ተማሪዎቹ እንዳልገባቸው እያየ እንኳ ሊያስቆመው አይችልም። (መብራት ሲጠፋ ግን ይቆም ነበር!) ግብረ መልሱ በተማሪዎቹ ፊት ላይ ነበረ፤ የሚቀበለው ግን አልነበረም።

ዛሬ በስልክ የሚታየውን ትምህርታዊ ቪዲዮ ማስቆምና ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ቪዲዮው የቆመው ተማሪው ስላልገባው ይሁን ሻይ ሊጠጣ ስለተነሣ አያውቅም። በአንጻሩ በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ጀርባውን ሰጥቶ ስላይድ የሚያነብ መምህር፣ በአካል ቢገኝም ሥራው ከስርጭት አይለይም። የትምህርት ክፍሎቻችን አዲስ መሣሪያ ከመግዛታቸው በፊት አንድ ርካሽ ነገር ቢሞክሩ እመርጣለሁ፦ ከትምህርቱ ማብቂያ በፊት ተማሪው ያልገባውን አንድ ነጥብ ስሙን ሳይጠቅስ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይስጥ፤ መምህሩም ቀጣዩን ክፍለ ጊዜ ከነዚያ ወረቀቶች ይጀምር።